የሠራተኛ አስተዳደር መምህሩ ዳግላስ ማክግሬገርና ለአሠሪዎች ያቀረቡት ጥያቄ

በንግድና በኢንዱስትሪ ሥራ የተሠማራ ሰው ሁሉ ገንዘቡን ይቈጥራል፤ ዕቃውን ይመዘግባል፤ መኪናውንም በየጊዜው ያስመረምራል። ስለ ሠራተኛው የያዘውን አስተያየት ግን የሚመረምር ጥቂት ነው። ሠራተኛው ሲዘገይ፣ ዕቃ ሲያበላሽ ወይም አለቃው ዞር ሲል እጁን አጣጥፎ ሲቀመጥ፣ «የዛሬ ሰው እንዲህ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ይህ አስተያየት ከየት እንደ መጣ፣ እውነት መሆን አለመሆኑ፣ ለድርጅቱም ምን ያህል ኪሣራ እንዳስከተለ አይጠየቅም።

ይህን ጥያቄ ዋና የትምህርት ጉዳይ ካደረጉት የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት መምህራን አንዱ አሜሪካዊው ፕሮፌሰር ዳግላስ ማክግሬገር ናቸው። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው «የሰው ሀብት አስተዳደር» ተብሎ የሚሰጠው ትምህርት በእርሳቸው ዘመን በአብዛኛው «የሠራተኛ ጉዳይ» ወይም «የአሠሪና የሠራተኛ ግንኙነት» በሚል ስም ይታወቅ ነበር። የእኒህ ሰው የሥራ ሕይወት ለነጋዴና ለሥራ አስኪያጅ የሚጠቅምበት ልዩ ምክንያት አለው። ይኸውም ስለ አስተዳደር ሲያስተምሩ ከቈዩ በኋላ ራሳቸው ለስድስት ዓመት አስተዳዳሪ ሆነው ትምህርታቸውን በሥራ ላይ መፈተናቸውና የተሳሳቱበትን በግልጽ ጽፈው ማሳወቃቸው ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ከችግረኞች ማደሪያ እስከ ቤንዚን ማደያ

ዳግላስ ማክግሬገር በ1906 በሚሺጋን ግዛት በዲትሮይት ከተማ ተወለዱ። ዲትሮይት በዚያን ጊዜ የአውቶሞቢል ኢንዱስትሪ ማእከል ለመሆን በመገሥገሥ ላይ የነበረች ከተማ ናት። ይሁን እንጂ ልጁ ያደጉት በፋብሪካው ደጃፍ ሳይሆን ከፋብሪካው የተገፉት ሰዎች በሚጠጉበት ቤት አጠገብ ነው። አያታቸው ሥራና መጠለያ ላጡ ሰዎች ማደሪያ የሚሆን ድርጅት አቋቁመው ነበር፤ አባታቸውም ይህንኑ ድርጅት በኀላፊነት መርተዋል። ወጣቱ ማክግሬገር በዚያ ቤት ያገለግሉ፣ በጸሎት ጊዜም ፒያኖ ይጫወቱ ነበር። ስለዚህ ሥራ ያጣ ሰው ምን እንደሚመስል የተማሩት ከመጽሐፍ አልነበረም።

የኮሌጅ ትምህርታቸውንም በአንድ ትንፋሽ አልጨረሱም። ትምህርቱን አቋርጠው በኒውዮርክ ግዛት በበፋሎ ከተማ በቤንዚን ማደያ ሥራ ተሠማሩ፤ ኋላም የአካባቢው ማደያዎች ተቈጣጣሪ እስከ መሆን ደረሱ። ወደ ትምህርታቸው የተመለሱት የዓለም የኢኮኖሚ ቀውስ በበረታበት ጊዜ ነው። በ1932 የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በዲትሮይት አገኙ፤ ከዚያም ወደ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሄደው በ1935 በሥነ ልቡና የዶክትሬት ማዕርግ ተቀበሉ። ቤንዚን ማደያ ሲቈጣጠሩ የቈዩበት ጊዜ የባከነ ነው የሚል ሊኖር ይችላል። ነገር ግን በኋላ ዘመናቸው ሥራ አስኪያጆችን ሲያስተምሩ፣ ሠራተኛ ቀጥሮ ማሠራት ምን እንደ ሆነ ለሚያውቅ ሰው እንደሚናገር ሰው እንጂ ከሩቅ ሆኖ እንደሚመክር ምሁር አልነበሩም።

በ1937 መምህር ያስፈለገበት ምክንያት

ማክግሬገር በ1937 ከሃርቫርድ ወጥተው ወደ ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተዛወሩ፤ በዚያም አዲስ ለተከፈተው የአሠሪና የሠራተኛ ግንኙነት ጥናት ክፍል መደራጀት ድርሻ ነበራቸው። ይህ ተቋም መሐንዲሶች የሚሠለጥኑበት ነው። እንግዲህ ስለ ብረትና ስለ ኤሌክትሪክ የሚያስተምር ቤት ስለ ሰው ጠባይ የሚያጠና መምህር ለምን አስፈለገው? መልሱ በጊዜው ሁኔታ ይገኛል።

በ1935 የአሜሪካ ምክር ቤት ሠራተኞች ማኅበር አቋቁመው ከአሠሪዎቻቸው ጋር በኅብረት የመደራደር መብት እንዳላቸው የሚያረጋግጥ ሕግ አወጣ። በ1936 መጨረሻ በሚሺጋን ግዛት በፍሊንት ከተማ የጄኔራል ሞተርስ ሠራተኞች ሥራ አቁመው ከፋብሪካው ሳይወጡ በዚያው ተቀመጡ። አድማው 44 ቀን ቈይቶ በየካቲት ወር 1937 ኩባንያው የሠራተኞቹን ማኅበር ዕውቅና በመስጠት ተፈጸመ። በዚያን ጊዜ የኩባንያው ፕሬዚዳንት የነበሩት ሚስተር አልፍሬድ ስሎን ራሳቸው በ1895 ከዚሁ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተመረቁ መሐንዲስ ነበሩ። ከዚህ በኋላ መሐንዲስ ሆኖ ፋብሪካ የሚመራ ሰው መኪና ማወቅ ብቻ እንደማይበቃው ለሁሉም ግልጽ ሆነ።

ማክግሬገር ከማስተማሩ ጎን ለጎን ለፋብሪካዎች አማካሪ ሆነው ይሠሩ ነበር። በ1946 ደግሞ ጆሴፍ ስካንሎን የሚባሉትን ሰው ወደ ተቋሙ ጋብዘው አስመጡ። ስካንሎን ቀድሞ ቦክሰኛ፣ ቀጥሎ የወጪ ሒሳብ ሠራተኛ፣ ከዚያም የብረት ፋብሪካ ሠራተኛና የማኅበር መሪ የነበሩ ሰው ናቸው። አንድ የብረት ፋብሪካ ሊዘጋ በተቃረበ ጊዜ፣ ሠራተኞቹ ወጪ የሚቀንሱበትን ሐሳብ እንዲያቀርቡ በማድረግ ድርጅቱ ከመዘጋት እንዲድን ረድተዋል። በስማቸው የተጠራው ዘዴ አሠራሩ ቀላል ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ፋብሪካ 100,000 ብር የሚያወጣ ዕቃ ለማምረት ለደመወዝ 40,000 ብር የሚያወጣ ቢሆንና በአንድ ወር ውስጥ በሠራተኞቹ ትጋትና ሐሳብ ይህ ወጪ ወደ 36,000 ቢወርድ፣ 4,000 ብር ይተርፋል። ከዚህ ውስጥ አብዛኛው፣ ብዙ ጊዜም ከአራት እጅ ሦስቱ፣ ለሠራተኞቹ ይከፋፈላል፤ ቀሪው ለድርጅቱ ይሆናል። ሐሳቡ የሚቀርበው የአሠሪውና የሠራተኛው ተወካዮች አብረው በሚቀመጡበት ኮሚቴ ነው። ማክግሬገር ከዚህ ዘዴ የተማሩት ዋና ነገር የገንዘቡን አከፋፈል አይደለም፤ ከታች ያለው ሠራተኛ ስለ ሥራው የሚያውቀው ብዙ ነገር እንዳለና ጠያቂ ስላጣ ብቻ ዝም ብሎ እንደሚቀመጥ ነው።

መምህሩ በራሳቸው ትምህርት ሲፈተኑ

በ1948 ማክግሬገር በኦሃዮ ግዛት በየሎ ስፕሪንግስ ከተማ የሚገኘው የአንቲዮክ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾሙ። አንቲዮክ ተማሪዎቹ ጥቂት ወራት ተምረው ጥቂት ወራት ደግሞ በየመሥሪያ ቤቱ ተቀጥረው የሚሠሩበት፣ መምህራንና ተማሪዎችም በኮሌጁ አስተዳደር ውስጥ ድምፅ ያላቸው የታወቀ ኮሌጅ ነበር። ሰው ታምኖ ኀላፊነት ቢሰጠው በትጋት ይሠራል ብለው ለሚያስተምሩ መምህር ከዚህ የተመቸ ቦታ ይገኛል ተብሎ አይገመትም።

ነገሩ ግን እንዳሰቡት አልሆነም። በ1954 ከኮሌጁ በሚለቁበት ጊዜ በጻፉት አጭር ጽሑፍ የደረሰባቸውን ሳይሸሽጉ ገለጡ። መሪ ማለት አማካሪ እንደ ማለት ነው፤ መልካም ምክርና መልካም ፈቃድ ካለ አለቃ መሆን አያስፈልግም የሚል እምነት ይዘው እንደ ገቡ ተናገሩ። በመካከል ያለውን ጠብ በውይይት እያበረዱ፣ ከሁለት ክፉ አንዱን መምረጥን ለሌላ እየተዉ፣ በሁሉም ዘንድ ተወዳጅ ሆነው ለመኖር ተስፋ አድርገው ነበር። ይህ ሐሳብ ፈጽሞ ስሕተት መሆኑን ለመረዳት ሁለት ዓመት ያህል እንደ ፈጀባቸው አልሸሸጉም። መሪ የሆነ ሰው በድርጅቱ ላይ ለሚደርሰው ነገር ኀላፊነቱን ማምለጥ እንደማይችል ሁሉ ሥልጣኑን ከመሥራትም ሊሸሽ አይችልም ሲሉ ደመደሙ።

ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ወደ ተቃራኒው ይዞራል፤ «ሰውን ማመን ቀብሮ ነው» ብሎም ይማማላል። ማክግሬገር ግን እንዲህ አላደረጉም። ስሕተታቸው ሰውን ማመናቸው ሳይሆን ሰውን ማመንና ሥልጣንን መተው አንድ ናቸው ብለው ማሰባቸው መሆኑን ለዩ። ከዚህ በኋላ የጻፉት ሁሉ በዚህ ልዩነት ላይ የቆመ ነው።

የሚስተር ስሎን ጥያቄና የ1960ው መጽሐፍ

ማክግሬገር በ1954 ወደ ማሳቹሴትስ ሲመለሱ፣ ተቋሙ የኢንዱስትሪ አስተዳደር ትምህርት ቤት ከፍቶ ነበር። ትምህርት ቤቱ በ1952 ሥራ የጀመረው የአልፍሬድ ስሎን በጎ አድራጎት ድርጅት በሰጠው ገንዘብ ሲሆን፣ በ1964 በእኚሁ ሰው ስም ተጠራ። የፍሊንቱን አድማ ያዩት ሚስተር ስሎን በትምህርት ቤቱ አማካሪ ኮሚቴ ስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ አነሡ፤ ይኸውም የተሳካለት ሥራ አስኪያጅ እንዲህ ሆኖ ይወለዳል ወይስ በሥልጠና ይገኛል የሚል ነው። ለጥናቱ ገንዘብ ተሰጠ፤ ማክግሬገርም ከባልደረቦቻቸው ጋር በየኩባንያው እየዞሩ ጉዳዩን መረመሩ።

ያገኙት መልስ ያልተጠበቀ ነበር። ሥራ አስኪያጅን የሚሠራው በአብዛኛው ኮርስና የሥልጠና ፕሮግራም ሳይሆን፣ የበላዮቹ ስለ ሥራቸውና ስለ ሰው ያላቸው አስተያየት፣ ከዚህም አስተያየት የሚመነጨው የየዕለቱ አሠራር ነው። ይህንን ሐሳብ በሚያዝያ 1957 በትምህርት ቤቱ አምስተኛ ዓመት በዓል ላይ በንግግር አቀረቡ፤ በ1960 ደግሞ ትርጓሜው «የድርጅት ሰብአዊ ገጽታ» የሚሆን መጽሐፍ አድርገው አሳተሙት። ስማቸውን በዓለም ያስጠራው ይህ መጽሐፍ ነው።

በመጽሐፉ ውስጥ ሁለት አስተያየቶችን ፊት ለፊት አቁመው ያነጻጽራሉ። የመጀመሪያውን «ቲዎሪ ኤክስ» ብለው ሰየሙት። በዚህ አስተያየት መሠረት ተራው ሰው በተፈጥሮው ሥራ ይጠላል፤ ስለዚህ ካልተገደደ፣ ካልተጠበቀና በቅጣት ካልተፈራራ አይሠራም፤ ራሱም ቢሆን ኀላፊነት ከመሸከም ይልቅ መታዘዝን ይመርጣል። በእኛ አገር «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» የሚለው አነጋገር ከዚህ ወገን የሚቈጠር ነው። ሁለተኛውን «ቲዎሪ ዋይ» አሉት። በዚህኛው መሠረት ለሰው ድካም እንደ ዕረፍትና እንደ ጨዋታ ሁሉ የተፈጥሮው ነው፤ ላመነበት ዓላማ ራሱን በራሱ ይቈጣጠራል፤ ሁኔታው ከተመቸ ኀላፊነትን መቀበል ብቻ ሳይሆን ፈልጎ ይይዛል፤ አዲስ ሐሳብ የማመንጨት ችሎታም የጥቂቶች ብቻ ሀብት ሳይሆን በብዙዎች ዘንድ ይገኛል።

ማክግሬገር ሁለቱንም ያቀረቡት እንደ ግምት እንጂ እንደ ተረጋገጠ የሳይንስ ሕግ አይደለም። ዋናው ቁም ነገራቸው ግምቱ ራሱን በራሱ እውነት ማድረጉ ነው። አንድ ባለ መደብር ሠራተኞቹን ሌቦች ናቸው ብሎ ቢገምት፣ ቍልፉን ሁሉ በኪሱ ይይዛል፤ ሲወጡም ሲገቡም ያስፈትሻቸዋል፤ አንዲት ሳንቲም እንኳ ያለ ፊርማው አትወጣም። ሠራተኛውም እንደማይታመን ሲያውቅ የታዘዘውን ብቻ ከአንገት በላይ ይሠራል፤ ሲጠፋ ያየውን ዕቃ «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» ብሎ ያልፈዋል። ባለ መደብሩም ይህን ባየ ጊዜ «አላልኩም?» ይላል። ግምቱን ሠራተኛው ያረጋገጠለት መስሎታል፤ ያረጋገጠው ግን የራሱ አያያዝ ነው።

ስለ ደመወዝም የተናገሩት ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ደመወዝ፣ የዓመት ፈቃድ፣ ጡረታና ሕክምና ሁሉም አስፈላጊ ናቸው፤ ነገር ግን ሠራተኛው የሚደሰትባቸው ከሥራ ቦታው ሲወጣ ብቻ ነው። በሥራው ሰዓት ክብርም፣ አዲስ ነገር መማርም፣ ሐሳብን መግለጽም ካልተፈቀደለት፣ ሥራው በደመወዝ የሚካስ ቅጣት ሆኖ ይታየዋል። እንዲህ ሲሆን አሠሪው «ደመወዝ ጨምሬላቸው እንኳ አይጠግቡም» ብሎ ያማርራል። የሠራተኛው ጥያቄ በገንዘብ የሚነገረው ግን በሌላ ለመጠየቅ መንገድ ስላልተከፈተለት ሊሆን ይችላል።

በ1957 ባሳተሙት ሌላ ጽሑፍ ደግሞ አለቃ በዓመት አንድ ጊዜ የበታቹን ጠባይ በነጥብ የሚፈርድበትን ልማድ ነቅፈዋል። አለቃው ዳኛ መሆን ይከብደዋል፤ ተመዛኙም ይቀየማል፤ ሥራው ግን አይሻሻልም። በዚህ ፈንታ ሠራተኛው ራሱ ለስድስት ወር የሚደርስበትን ግብ ጽፎ ከአለቃው ጋር እንዲስማማና ጊዜው ሲደርስ ራሱን በራሱ እንዲመዝን መከሩ። ዛሬ በብዙ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኛው ከአለቃው ጋር በግብ እየተስማማ የሚሠራበት ልማድ ከዚህ ሐሳብ ጋር የተዛመደ ነው።

ትምህርቱ በፋብሪካ ሲፈተን

ሐሳቡ በወረቀት ላይ አልቀረም። በጆርጂያ ግዛት በኦጋስታ ከተማ የተቋቋመ አንድ የሳሙና ፋብሪካ ሲደራጅ የማክግሬገር ምክር ተጠይቆ፣ ሠራተኞች በቡድን ሆነው ሥራቸውን ራሳቸው የሚመሩበት አሠራር ተዘረጋ። በካሊፎርኒያ ደግሞ አንድ የኤሌክትሪክ መለኪያ መሣሪያ ፋብሪካ በ1960 ገደማ የሰዓት መቈጣጠሪያውን አስወግዶ፣ በሰልፍ የሚሠራውን ሥራ ለትንንሽ ቡድኖች አከፋፈለ። ታዋቂው የሥነ ልቡና ሊቅ አብርሃም ማስሎው በ1962 ክረምቱን በዚህ ፋብሪካ አሳልፈው ያዩትን መዘገቡ። ማስሎው የማክግሬገርን ሐሳብ ቢያደንቁም፣ ሁሉም ሰው ይህን ያህል ነጻነትና ኀላፊነት መሸከም እንደማይችል፣ ብዙዎችም ግልጽ ሥርዓትና መመሪያ እንደሚያስፈልጋቸው አስጠነቀቁ። ፋብሪካውም ገበያ በቀዘቀዘበት ጊዜ፣ በ1965 ገደማ፣ ወደ ቀድሞው አሠራር ተመለሰ።

ይህ ውጤት ማክግሬገር በአንቲዮክ ከተማሩት ጋር የሚስማማ እንጂ የሚቃረን አይደለም። ብዙ ሰው «ቲዎሪ ዋይ» ማለት ሠራተኛውን እንደ ወደደ እንዲሆን መልቀቅ ይመስለዋል። ማክግሬገር ግን ልል አስተዳደርም ከጥብቁ ጋር አንድ ሥር እንዳለው ይናገራሉ፤ አንዱ በማስፈራራት፣ ሁለተኛው በመለማመጥ ሰውን ለመግዛት የሚሞክር ነውና። እርሳቸው የሚሉት ሦስተኛ መንገድ ነው፤ ይኸውም የድርጅቱ ዓላማና የሠራተኛው ጥቅም በአንድ ላይ የሚሟሉበትን ሁኔታ ማዘጋጀት ነው። ይህም ከጥበቃ ይልቅ ብዙ ድካም የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ሒሳቡ በሠራተኛው ፊት ግልጽ እንዲሆን፣ ግቡ እንዲለካ፣ አለቃውም መወሰን ሲገባው እንዲወስን ያስገድዳል።

ፕሮፌሰር ማክግሬገር በጥቅምት 1964 በ58 ዓመታቸው በድንገት ዐረፉ። ጀምረውት የነበረው ሁለተኛው መጽሐፋቸው በ1967 ታተመ። ለኅትመት ካዘጋጁት አንዱ ዋረን ቤኒስ ሲሆኑ፣ እርሳቸውም በአንቲዮክ የማክግሬገር ተማሪ የነበሩ፣ በኋላም በመሪነት ጥናት ስመ ጥር የሆኑ መምህር ናቸው።

ለአሠሪው የሚቀረው ጥያቄ

የእኒህ መምህር ሕይወት ለነጋዴው የሚተውለት የተዘጋጀ መድኃኒት የለም። ሌባ ሠራተኛ የለም አላሉም፤ ሒሳብ መቈጣጠርም ይቅር አላሉም። ያሉት፣ አሠሪው ሠራተኛውን ከመውቀሱ በፊት በራሱ አሠራር ውስጥ የተሸሸገውን ግምት አውጥቶ ይመልከተው ነው። ይህን ለማድረግ ሦስት ነገሮችን መጠየቅ ይበቃል። በድርጅቱ ውስጥ ያለው ደንብ ሁሉ የተጻፈው ለጥቂቶቹ አጥፊዎች ነው ወይስ ለብዙዎቹ ደኅና ሠራተኞች? ባለፈው ዓመት ከታች ያለ ሠራተኛ ያቀረበው ሐሳብ ተሰምቶ በሥራ ላይ የዋለበት ቀን ነበር? ሠራተኛው ሥራውን በደኅና ቢሠራ፣ ከደመወዙ በቀር በሥራ ሰዓቱ የሚያገኘው ምን አለ?

የሦስቱም መልስ ባዶ የሆነበት አሠሪ «የዛሬ ሰው ሰነፍ ነው» ቢል፣ ፍርዱን የሰጠው ማስረጃውን ራሱ ካዘጋጀ በኋላ ነው። ሠራተኛ ጠፍቶበት በየጊዜው አዲስ ሰው እየቀጠረ የሚያሠለጥን ድርጅት የሚከፍለው ኪሣራ በመዝገብ ላይ አይታይም፤ ነገር ግን በየወሩ ይከፈላል። ዳግላስ ማክግሬገር በማስተማሪያ ክፍልም በፕሬዚዳንት ወንበርም ሲመረምሩት የኖሩት ይህንኑ የማይታይ ሒሳብ ነው።